ሪኮል የወጣበት ኤቲቪ፦ ደብዳቤው ለማን ይደርሳል?

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ትንሽ መሬት አላቸው፣ ጥቂት ፍየሎችም ያረባሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ኋላው ላይ እንጨትና መኖ የሚጫንበት ባለአራት ጎማ ማሽን፣ ኤቲቪ የሚባለውን፣ ገዙ። ያገለገለ ነው፣ ከግለሰብ። ጥሬ ገንዘብ ሰጡ፣ ቁልፍ ተቀበሉ፣ አለቀ። ባለፈው መኸር አብሬያቸው ተሳፍሬ ዳገቱን ስንወጣ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን መታው። «ጋሼ፣ ቤንዚን አይሸትዎትም?» አልኳቸው።

«ሞተር አይደል እንዴ? ምን ሊሸት ኖሯል፣ ዕጣን?» አሉኝ።

ቤት ስንገባ የሻሲ ቁጥሩን ጻፍኩና በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። ሪኮል አለበት። ያውም ነዳጅ ሊያፈስ ይችላል፣ እሳት ሊነሳ ይችላል ተብሎ፣ እሳቸው ከመግዛታቸው በፊት የወጣ ሪኮል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንዳንዴም ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሲነዱት ማንም ምንም አላላቸውም። እንዴት ሊሆን ይችላል ብዬ ነገሩን ስከታተል ነው ይሄን ለመጻፍ ያሰብኩት።

ሪኮል ማለት አንድ አምራች «የሸጥኩላችሁ ዕቃ አደጋ የሚያመጣ ጉድለት አለበት፣ አትጠቀሙበት፣ በነጻ እጠግናለሁ ወይም እለውጣለሁ ወይም ገንዘባችሁን እመልሳለሁ» ብሎ በይፋ የሚያወጣው ጥሪ ነው። በአማርኛ «ምርትን ከገበያ መሰብሰብ» ሲባል ትሰማላችሁ። ኤቲቪ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰብ ነገር የለም። ማሽኑ ጋራዥ ይገባል፣ ይሠራል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ እኔም እዚህ ያለ አበሻ እንደሚለው ሪኮል እያልኩ እቀጥላለሁ።

ኤቲቪ የምንለው ስም ራሱ ሁለት ዓይነት ማሽን ይሸፍናል። አንደኛው እንደ ፈረስ ተፈናጥጠው የሚቀመጡበት፣ እንደ ሞተር ሳይክል በእጀታ የሚመራው፣ ብዙዎች ኳድ የሚሉት ነው። ሁለተኛው እንደ መኪና መሪ፣ ፔዳል፣ የደህንነት ቀበቶና ከላይ የብረት ፍሬም ያለው ነው። የጋሼ ማሽን ሁለተኛው ነው። በሕግ ቋንቋ የተለያዩ ናቸው፤ በሰው አፍ ግን ሁለቱም ኤቲቪ ናቸው፣ ሪኮላቸውንም የሚያስተዳድረው አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ መሥሪያ ቤት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ሪኮል የሚከታተለው የመንገድ ትራንስፖርት ደህንነት ባለሥልጣን ነው። ኤቲቪ ግን ለአስፋልት የተሠራ ስላልሆነ በሕግ ዓይን «መኪና» አይደለም። እና የወደቀው በፍጆታ ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን እጅ ነው። ይህ ኮሚሽን በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቆጠራ ነው የምጽፈው)። የሕፃን አልጋ፣ የቡና ማፍያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ መሰላል፣ አሻንጉሊት፣ እና በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ባለአራት ጎማ ማሽን፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀርቡት።

ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ። መኪና ሲሆን በየክፍለ ግዛቱ ተመዝግቦ የታርጋ ባለቤቱ ስምና አድራሻ ይታወቃል። ሪኮል ሲወጣ አምራቹ በዚያ መዝገብ ተጠቅሞ፣ መኪናው አምስተኛ ባለቤት ጋ ቢሆንም እንኳ፣ ደብዳቤ ይልካል። የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣኑም የየትኛውንም ብራንድ መኪና የሻሲ ቁጥር አስገብታችሁ ሪኮል እንዳለበት የምታዩበት አንድ ገጽ አለው። ኤቲቪ ላይ እንዲህ ያለ የሁሉም መፈለጊያ የለም። ኮሚሽኑ የሚያወጣው የሞዴሉን ስምና የተመረተበትን ዓመት የያዘ ማስታወቂያ ነው፤ የእናንተ ማሽን ይኑርበት አይኑርበት ለማወቅ ወደ አምራቹ ትሄዳላችሁ። ምዝገባውም ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ በግል መሬቱ ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ጭራሽ የማያስመዘግብበት ቦታ ሞልቷል። አምራቹ እጅ ያለው አስተማማኝ አድራሻ የመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ማሽኑ እጅ በቀየረ ቁጥር ደብዳቤው ባዶ ቤት ያንኳኳል።

ምን ምን ይበላሻል? የኤቲቪ ሪኮሎችን ተራ በተራ ብታነቡ አምስት ስድስት ጣጣዎች ናቸው የሚመላለሱት። ነዳጅ መስጫው ይነክስና ጣትህን ብታነሳም ማሽኑ መሮጡን ይቀጥላል። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ መካኒኮቻችን ቴስቲና የሚሉት ቦታ ላይ፣ በደንብ ሳይጠብቅ ከፋብሪካ ይወጣል ወይም ይሰበራል፤ ያኔ መሪው በእጅህ አለ፣ ጎማው ግን የራሱን መንገድ ይዟል። ፍሬን ዘይት ያፈሳል። የደህንነት ቀበቶው የታሰረበት ቡሎን ይላላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለታም ብረት ላይ እየተፋተገ ይላጥና ሾርት ያደርጋል። እና እሳት። እሳት ከሁሉም በላይ ይደጋገማል።

ለምን እሳት? መኪና ላይ ሞተሩ ፊት ነው፣ በአንተና በሞተሩ መካከል ወፍራም ቆርቆሮ አለ፣ ስትሄድ ንፋስ ፊት ለፊት እየመታ ያቀዘቅዘዋል። ጎን ለጎን የሚቀመጡባቸው ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ግን ሞተሩ ከመቀመጫው ጀርባ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። ነዳጅ ታንኩ፣ የነዳጅ ቱቦው፣ ሽቦውና እሳት የሆነው የጭስ ማውጫ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በዚያ ላይ የሚነዳው ሣር፣ ጭቃና ደረቅ ቅጠል ውስጥ ነው፤ ደረቅ ሣር ማርሚታው ላይ ተጠቅልሎ ሲቀር ክብሪት አያስፈልገውም። ሙቀቱን የሚከልለው ቆርቆሮ በንዝረት ቢላቀቅ፣ ቱቦው አንድ ቦታ ቢሰነጠቅ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ለዚህ ነው የጋሼ ቤንዚን ሽታ እንቅልፍ የነሳኝ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሆንዳ በ1970 አሜሪካ ውስጥ ባለሦስት ጎማ ኤቲቪ ሲያወጣ ነገሩ መጫወቻ ነበር፤ ወፍራም፣ ለስላሳ ጎማ፣ ትንሽ ሞተር። በ1980ዎቹ ገበያው ጦፈ፣ ሞተሩም ጎለበተ፣ ሬሳም በዛ። ባለሦስት ጎማው ፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ስትታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጪ ይገፋል፣ ግን እዚያ ጥግ ላይ የሚቀበለው የፊት ጎማ የለም። ኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ በአንድ ድፍን አክስል ታስረው እኩል ስለሚዞሩ ማሽኑ መታጠፍ እምቢ ይላል። ነጂው በሰውነቱ እየተጋደለ ማስገደድ አለበት። ስልቱን ያልተማረ ልጅ ይገለበጣል፤ ማሽኑም ላዩ ላይ ያርፋል።

በ1988 መንግሥት ከአምስት አምራቾች ጋር፣ ማለትም ከሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪ፣ ካዋሳኪና ፖላሪስ ጋር፣ በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ተፈራረመ። አዲስ ባለሦስት ጎማ መሸጥ ቆመ። ለገዢዎች ሥልጠና ይሰጥ ተባለ። ስምምነቱ ለአሥር ዓመት የጸና ነበር። ነገር ግን በሰዎች ጓሮ ቆመው የነበሩትን ባለሦስት ጎማዎች ገንዘብ መልሶ መሰብሰብን አላስገደደም። እንግዲህ አስቡት፤ ለመሸጥ አደገኛ ነው የተባለ ማሽን ለመንዳት ዝም ተባለ። ያኔም ብዙ ተከራካሪ ተቆጥቶበታል፣ እኔም ዛሬ ሳነበው ይገርመኛል። በ2008 የወጣው የምርት ደህንነት ማሻሻያ ሕግ ነው እስከዚያ በፈቃደኝነት የነበረውን የኤቲቪ ደረጃ ግዴታ ያደረገው፣ አዲስ ባለሦስት ጎማ ማስገባትንም በሕግ የከለከለው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጉድ ነበር። ያማሃ ራይኖ የሚባል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚይዝ ማሽን። ቁመቱ ረዘም፣ ወርዱ ጠበብ ያለ ነው። ሰዎች ሜዳ ላይ፣ ያን ያህል ሳይፈጥኑ ሲታጠፉ ይገለበጥ ነበር። ኮሚሽኑ በ450 እና 660 ሞዴሎቹ ላይ ከ50 በላይ አደጋዎችን መረመረ፤ 46 ሰዎች ሞተዋል። ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት አደጋዎች መገልበጥ ነበሩበት። ማርች 31 ቀን 2009 ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ ነጻ ጥገና እንደሚሰጥ ተገለጸ። ስሙን ልብ በሉ፦ «ነጻ የጥገና ፕሮግራም» ነው የተባለው። ሪኮል የምትለዋን ቃል አልወደዷትም።

ጥገናው ራሱ ግን ያስተምራል። ሁለት ነገር ነው የተደረገው። የኋላ ጎማዎቹ ላይ መሃል የሚገባ ብረት ተጨምሮ ጎማዎቹ ወደ ውጪ ወጣ እንዲሉ ተደረገ፤ ወርዱ ሰፋ፣ መገልበጡ ከበደ። ይሄ ለማንም ይገባል፣ እግሩን ከፈት አድርጎ የቆመ ሰው አይገፋም። ሁለተኛው ግራ ያጋባል። ማሽኑ ሲታጠፍ እንዳያጋድል የኋላ ጎማዎቹን አያይዞ የሚይዝ ዘንግ ነበረ፤ እሱን አውጥተው ጣሉት። እንዳያጋድል የሚይዘውን ማውጣት እንዴት ይረዳል? ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ዘንግ ኋላውን ስለሚያደርቀው በመታጠፊያ ላይ የኋላ ውጪኛው ጎማ ከሚገባው በላይ ይሸከማል፣ መሬቱን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ያኔ ኋላው ይሸሻል፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ ነጂው ካዘዘው በላይ ይታጠፋል። ዘንጉ ሲወጣ ጫናው ወደ ፊት ጎማዎች ይዞራል፤ ማሽኑ ስትፈጥን ትንሽ «አልታጠፍም» ይላል፣ ያ እምቢታው ነው የሚያድንህ። እኔን የሚገርመኝ መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው። ጥቂት ብረት መጨመር፣ አንድ ብረት ማውጣት። ለዚያ 46 ሰው።

ሕጉ ስለ ጊዜ ምን ይላል? ግልጽ ነው፣ ይበዛበታልም። አንድ አምራች ወይም ሻጭ ምርቱ ከባድ አደጋ ሊያስከትል የሚችል ጉድለት እንዳለበት የሚያሳይ መረጃ ካገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለበት። እርግጠኛ ካልሆነ ለማጣራት እስከ አሥር የሥራ ቀን ይፈቀድለታል። ከዚያ በኋላ «ገና እያጠናን ነው» ሰበብ አይሆንም። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

አሁን የፖላሪስን ታሪክ እንይ፣ ምክንያቱም በኤቲቪ ሪኮል ታሪክ የዚህን ያህል የተመዘገበ የለም። ፖላሪስ የሚኒሶታ ኩባንያ ነው፤ በ1954 ሮዞ በምትባል የካናዳ ድንበር አጠገብ ባለች ከተማ የተመሠረተ፣ አሁን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሜዲና የሆነ። አርዜድአር የሚባለው ፈጣን ማሽኑ ገበያውን ተቆጣጥሮት ነበር። ኤፕሪል 19 ቀን 2016 ከ2013 እስከ 2016 የተመረቱ 133,000 ገደማ አርዜድአር 900 እና 1000 ማሽኖች ላይ ሪኮል ወጣ። ምክንያቱ እሳት። ከ160 በላይ የቃጠሎ ሪፖርት ነበር፣ 19 ሰው ተጎድቷል፣ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ማሽኑ ተገልብጦ በተነሳ እሳት ሞታለች።

ጥያቄው መቼ አወቁ ነው። በኤፕሪል 2018 ኮሚሽኑ ፖላሪስ 27.25 ሚሊዮን ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት ለመክፈል መስማማቱን አስታወቀ፤ ክሱም ጉድለቱን ወዲያው አላሳወቀም የሚል ነበር። በኮሚሽኑ መግለጫ መሠረት ኩባንያው ስለ አርዜድአሮቹ ሪፖርት ባደረገበት ጊዜ 150 የእሳት አደጋ፣ የልጅቷን ሞት፣ 11 የቃጠሎ ጉዳትና አሥር ኤከር መሬት የበላ እሳት ተነግሮት ነበር። አንድ ሁለት ሦስት እያላችሁ እስከ 150 ቁጠሩ። ሬንጀር በሚባለው ሌላ ማሽኑም ላይ ተመሳሳይ ክስ አለ፤ እዚያ ሙቀት የሚከልለው ቆርቆሮ ላልቶ ይወድቃል፣ 36 የእሳት ሪፖርት ደርሶት ነበር።

27 ሚሊዮን ዶላር ብዙ ይመስላል። ኩባንያው ግን በ2017 ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። አካፍሉት፤ የሁለት ቀን ሽያጭ አይሞላም። ቅጣት ሲፈራ ነው ቅጣት የሚሆነው፤ ይሄ ለእኔ ከቅጣት ይልቅ ደረሰኝ ይመስለኛል። በርግጥ በፍርድ ቤት የሚከፈለው ካሣና የስም ጉዳቱ ሌላ ሂሳብ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። ዲሴምበር 2017 ላይ ኮሚሽኑና ፖላሪስ በጋራ መግለጫ አወጡ። በሪኮሉ መሠረት ተጠግነው የተመለሱ አንዳንድ አርዜድአሮች አሁንም እየተቃጠሉ መሆኑን ባለቤቶች እንደሚናገሩ ገለጹ፤ ሙሉ በሙሉ የነደዱም ነበሩ። ማለትም «ተሠርቷል» የሚለው ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ስላለ ብቻ አፍንጫችሁን አትዝጉ። ጥገና የአምራቹ ግምት ነው፤ ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ ያንን ያስተካክላል፣ ሌላ ምክንያት ከነበረ ግን እሳቱ ሌላ በር ያገኛል። በአንድ ማሽን ላይ ሁለትና ሦስት ሪኮል መኖሩም የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያውን አሠርታችሁ ሁለተኛውን ላትሰሙ ትችላላችሁ።

ታዲያ ኮሚሽኑ ሲሰማ ለምን ወዲያው አይጮህም? እጁ የታሰረ ነው። ስድስት ቢ የምትባል የሕጉ አንቀጽ አለች። በእሷ መሠረት ኮሚሽኑ የአንድን ኩባንያ ስም ጠርቶ ስለ ምርቱ ከመናገሩ በፊት ለኩባንያው አሳውቆ አስተያየት እንዲሰጥ ጊዜ መስጠት አለበት፤ በተለመደው አሠራር 15 ቀን። ኩባንያው ካልተስማማ ክርክሩ ይረዝማል። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ማሳጠሪያ መንገድ አለ፤ ግን በየቀኑ የሚሆን አይደለም። የሕጉ አሳብ የውሸት ክስ የሰውን ንግድ እንዳያበላሽ ነው። አሳቡ ይገባኛል። ግን መሃል ያሉት ቀናት የሚያልፉት በማሽኑ ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

ሌላው፣ «ሪኮል ታዘዘ» የሚለው አባባል አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም። አምራቹ ነው ከኮሚሽኑ ጋር ተስማምቶ በፈቃዱ የሚያወጣው። እምቢ ካለ ኮሚሽኑ በአስተዳደር ዳኛ ፊት መክሰስ ይኖርበታል፣ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፈጣን መስመር የሚባል አሠራር አለ። አምራቹ ራሱ መጥቶ ከተናገረና በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ሪኮሉን ከጀመረ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች «ይህ ምርት አደገኛ ጉድለት አለበት» የሚል ውሳኔ አያሳልፉበትም። ንስሐ ለገባ ምሕረት እንደማለት ነው። የሪኮል ማስታወቂያዎች ቋንቋ ለስላሳ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የድርድር ውጤት ነው።

ማስታወቂያውን ስታነቡ ይህን አስታውሱ። «የደረሰ ጉዳት፦ የለም» የሚል ካያችሁ ቸል አትበሉ። ሰው ሳይጎዳ ተገኘ ማለት እንጂ ጉድለቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በጊዜው የተናገረ ኩባንያ ይመስገን። «ወዲያው መጠቀም ያቁሙ» የሚል ቃል ካለ እንደተጻፈው ውሰዱት። ብዙ ሰው ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» ይላል። ነዳጅ የሚያፈስ ቱቦ ቀስ ብለህ መንዳትህን አያውቅም።

ወደ ያገለገለ ዕቃ ስንመጣ ሕጉ ይገርማል። ከ2008 ወዲህ ሪኮል የወጣበትን የፍጆታ ምርት፣ ሳይጠገን፣ መሸጥ ክልክል ነው። ያገለገለም ይሁን አዲስ፣ ድርጅትም ይሽጠው ግለሰብ። መኪና ላይ ግን፣ ሰው የበለጠ ይጠበቃል የሚባልበት ቦታ ማለት ነው፣ ያገለገለ መኪና ነጋዴ ሪኮሉ ያልተሠራ መኪና ቢሸጥ የፌዴራል ሕግ አይከለክለውም። ስለዚህ በወረቀት የኤቲቪ ገዢ የተሻለ ጥበቃ አለው። በተግባር ደግሞ ለጋሼ ማሽኑን የሸጡላቸው ሰውዬ ስለ ሪኮሉ የሰሙ አይመስለኝም፤ ለእሳቸውም ከሌላ ሰው ነው የመጣላቸው። ማን ይፈትሻል? ፌስቡክ ላይ ፎቶ ተለጠፈ፣ ዋጋ ተነጋገሩ፣ በፒክአፕ ተጭኖ ሄደ።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይቺን ለይታችሁ አንብቡ። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጡ፣ ስማቸው በየወሩ የሚቀያየር፣ ብዙዎቹ ከቻይና የሚመጡ የልጆች ኤቲቪዎች አሉ። የአሜሪካ ደረጃ ለስድስት ዓመት ልጅ የተሠራ ኤቲቪ መገደቢያው ሲበራ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር፣ ሲነሳም ከ24 እንዳያልፍ ያዛል። ኮሚሽኑ ፈትሾ ከዚያ በላይ የሚሮጡ፣ የእጅ ፍሬናቸው በደረጃው መሠረት ያልተሠራ ብዙ አግኝቷል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሪኮል የለም። የሚጠግን፣ ገንዘብ የሚመልስ ሰው አይገኝም፤ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ኮሚሽኑ በራሱ ስም «ይህን አትጠቀሙ፣ ጣሉት» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያ ከሪኮል የሚለየው በዚህ ነው፤ ገንዘባችሁ ሄዷል። የልጅን ነገር ካነሳን ላይቀር፣ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የአዋቂ ማሽን አይንዳ የሚለው የኮሚሽኑ ምክር የተጻፈው በሬሳ ቁጥር ነው። በአሜሪካ እነዚህ ማሽኖች በዓመት በአማካይ ከ800 በላይ ሰው ይገድላሉ፣ 100,000 ገደማ የሚሆን ሰው ድንገተኛ ክፍል ይወስዳሉ። ሁሉም በጉድለት አይደለም። አብዛኛው በአነዳድ፣ በመገልበጥ፣ ያለ ሄልሜት። ግን ጤነኛ ማሽን እንዲህ ከሆነ ጉድለት ያለበትን አስቡት።

ከአሜሪካ ውጭ ላላችሁም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። እስራኤል ያላችሁ ትራክቶሮን በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ዱባይና ሳዑዲ አሸዋ ላይ በሰዓት የሚከራየው ኳድም ያው ነው፤ ተከራይ ደግሞ የማሽኑን ታሪክ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ያለው ፍሬኑን ሞክሮ መነሳት ብቻ ነው። ሳዑዲ የንግድ ሚኒስቴሯ የሚያስተዳድረው የሪኮል መፈለጊያ ገጽ አላት፤ ገዝታችሁ ከሆነ እዚያ መፈለግ ይቻላል። ከአሜሪካ ያገለገለ ማሽን ወደ ሌላ አገር የሚልክ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ነጻ ጥገናው የሚሰጠው በአምራቹ ወኪሎች በኩል ነው፤ ወኪል በሌለበት አገር ሪኮሉ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሳይጫን በፊት አሠርቶ መላክ ነው።

አሁን ተነስታችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የሻሲ ቁጥሩን ፈልጉ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፍሬሙ ላይ ተቀርጿል፣ በጭቃ ተሸፍኖ ስለሚሆን ጨርቅ ያዙ። ፎቶ አንሱት። የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል እንዳለ ፈትሹ፣ ካልሆነላችሁ ማንኛውም የዚያ ብራንድ ወኪል ስልክ ላይ ያይላችኋል። ስትገዙ ደግሞ ከክፍያ በፊት ይሁን፤ ሻጩ ቁጥሩን አላሳይም ካለ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ። ከገዛችሁ በኋላ ስማችሁንና አድራሻችሁን ለአምራቹ አስመዝግቡ፣ ያገለገለ ቢሆንም ይቀበሏችኋል። ጥገናው በነጻ ነው፤ «ለምርመራ ትከፍላለህ» የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ የሪኮሉን ቁጥር ንገሩት። አደጋ ወይም የሚያሰጋ ነገር ካያችሁ ከ2011 ጀምሮ ኮሚሽኑ ማንም ሰው ሪፖርት የሚጽፍበት የሕዝብ ድረ ገጽ አለው። ሰው ሳይጎዳ የቀረ ነገርም ይጻፋል፤ ያንን ቆጥሮ ነው የሚነሳው።

ጋሼ መጀመሪያ አላመኑም። «በነጻ? ፈረንጅ በነጻ?» አሉ። ማሽኑን ፒክአፕ ላይ ጭነን ወሰድነው፤ መካኒኩ ከፈተና የነዳጅ ቱቦውን እርጥበት በጣቱ አሳያቸው። ዝም አሉ። ልጃቸውን ሲያዩ አየሁ። በማግስቱ ተሠርቶ መጣ፣ አምስት ሳንቲም አልከፈሉም፣ አድራሻቸውንም አስመዘገብን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ፣ ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ፣ ና አንብብልኝ ብለው። ደንግጬ ሄድኩ። የአዲስ ሞዴል ማስታወቂያ ነበር።